ሹፌሩ ያነሣቸው ፊቶች

የአንድ ሰው ዕድሜ መጨረሻው ላይ ሲሰበሰብ ምን ይሆናል? ሠላሳ ዓመት ፍልስፍና ሳስተምር ይህን ጥያቄ ለተማሪዎች እየሰጠሁ መልሳቸውን በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬአለሁ። እኔን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። የጠየቀኝ ዘርእዝጊ ነው፤ እሱም ከሞተ በኋላ፣ ትቶት በሄደው ነገር። ከክፍሉ የተገኘው ሁለት ሱሪ፣ አንድ ካፖርት፣ መቁጠሪያ፣ መንጃ ፈቃድና የቢሮው ስልክ ነው። ስልኩ ውስጥ አራት መቶ ስድስት ፎቶ አለ። ሁሉም የሰው ፊት ነው፤ ሁሉም የሞተ ሰው። የእሱ ፊት ከመካከላቸው የለም።

ዘርእዝጊ የኤርትራዋ ሰገነይቲ ልጅ ነው፤ ካቶሊክ። አማርኛን የለመደው በአሰብ መንገድ፣ የፊያት ተሳቢ ሲነዳ ነው። «ወደ አዲስ አበባ ስወጣ አማርኛ፣ ወደ አሰብ ስወርድ ትግርኛ፣ ሚሌ ላይ ምሳ» ይል ነበር ቋንቋውን ሲጠይቁት። በ1990 የሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲነሣ አዲስ አበባ ነበረ። የአገሩ ሰዎች በአውቶቡስ ወደ ሰሜን ሲላኩ እሱ ወደ ደቡብ ነዳ። ሞያሌ ሲደርስ የሰው መኪና ነውና ቁልፉን ለአንድ ጋራዥ አደራ ሰጥቶ በእግሩ ተሻገረ። መሪው በቀኝ የሆነበት አገር፣ ኬንያ ገባ፤ እዚያው ቀረ። ሚስት አላገባም። እህቱን ትእምቲን ከዚያ ወዲህ በዓይኑ አላያትም። አልፎ አልፎ መስመሩ ሲገኝ በድምፅ ይጠያየቃሉ፤ ከዚያ ይቋረጣል።

እኔ የማውቀው የጢሞቴዎስ ሹፌር ሆኖ ነው። የጢሞቴዎስ ቢሮ ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ነው፤ ከታች ፀጉር ቤት፣ ከጎን የአገራችን ምግብ ቤቶች። በሩ ላይ «ጉዞና ጭነት» ይላል። ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ምን ጭነት እንደሆነ ያውቃል። እዚህ የሞተውን ሰው ወረቀት ያስጨርሳሉ፣ ሳጥን ያሽጋሉ፣ ወደ አገሩ ይልካሉ። ዘርእዝጊ ነጩን ቫን ይነዳል። ቦሌ ላይ አውርደው ለቅሶ የሚቀመጡለት ሰው፣ እዚህ የመጨረሻውን መንገድ የሄደው ከሱ ጋር ነው።

ፎቶው የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ አንድ ቤተሰብ «ሳናይ አንቀበልም» አለ። ጢሞቴዎስ ደወለለት፦ «ጋሽ ዘርእዝጊ፣ እዚያው ካሉ አንዴ ጠቅ ያድርጉና ይላኩልኝ።» ላከ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ቤተሰብ ጠየቀ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቅ የሁሉም ሰው ፎቶ ይነሣ ጀመር፤ ፋይሉ ያለ ፎቶ አይዘጋም ተባለ። በየመንገዱ የሚወድቁ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲያልፉ እዚህ የቀሩ፣ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ሲበዙ ደግሞ የማኅበረሰቡ ሰዎችም በዋትሳፕ «እስቲ ይሄ የማን ልጅ ነው» እያሉ ከሱ ይቀበሉ ጀመር። የአስከሬን ክፍሉ ዘበኛ ገና ከሩቅ ሲያየው «ሙዜ፣ ሌዎ ዋንጋፒ?» ይለዋል፤ ሽማግሌው፣ ዛሬስ ስንት ናቸው እንደማለት።

አነሣሡ የራሱ ነበር። እንደተገኘ አያነሣም። ትንሽ ፎጣ አርጥቦ ፊታቸውን ይጠርጋል። አፋቸውን ይዘጋል። ከዚያ ቫኑ ውስጥ ከሚይዘው ነጭ ሻሽ ቀዶ ከግንባር እስከ አገጭ ይጠቀልላቸዋል፤ በአገራችን እንደሚደረገው። «እናት ናት የምታየው» ይላል። ይህን ሁሉ አድርጎ ነው ስልኩን የሚያወጣው።

አራት ዓመት እንዲህ ከሠራ በኋላ ጭማሪ ጠየቀ።

ጢሞቴዎስ ተቆጣ፤ ዘርእዝጊም ዝም አለ፤ ዝምታው ሲበዛ ጊዜ ሁለቱም እኔን ሽማግሌ አድርገው ጠሩኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ከፓርክላንድስ በማታቱ፣ በናይሮቢ የሚኒባስ ታክሲ፣ ሄድኩ። በቢሮው አራት ሆነን ተቀመጥን፤ አራተኛዋ የጢሞቴዎስ ልጅ ኤልሻዳይ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ስልክ የምትቀበልና ፋይል የምትይዝ።

«መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ» አለ ጢሞቴዎስ። «ደመወዙን በወሩ እከፍላለሁ። ስልኩን የገዛሁት እኔ። ቤንዚኑ የኔ። አስከሬኑን ለማምጣት ያው እዚያ ይሄዳል፤ እዚያው ቆሞ ጠቅ ማድረግ ምኑ ነው ሥራ? ነገ ደግሞ በሩን ስለከፈትኩ ጨምሩልኝ ሊለኝ ነው።»

«በሩን የሚከፍተው ዘበኛው ነው» አለ ዘርእዝጊ።

ኤልሻዳይ ሳቀች። «ዳዲ፣ ኤክስትራ ወርክ ነው እኮ። ጆብ ዲስክሪፕሽኑ ድራይቨር ነው የሚለው፤ ፎቶግራፈር አይልም።»

«አንቺ የማን ሠራተኛ ነሽ?»

«ያንተ። እኔም ጭማሪ እፈልጋለሁ፣ ባይ ዘ ዌይ።»

«እሺ፣ ሁላችሁም ተነሡብኝ» አለ ጢሞቴዎስ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ቤተሰብ የሌለውን ስንቱን በራሱ ወጪ ልኳል።

ወደ ዘርእዝጊ ዞርኩ። «ምን ያህል እንዲጨመርልህ ነው የምትፈልገው?»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይዟት ነበር። «መጠኑን እርስዎ ይበሉ። አንድ ሽልንግም ቢሆን ግድ የለኝም። ከደመወዙ ተለይቶ በወረቀት ይጻፍልኝ ብቻ።»

ይህን ቃል በዚያን ቀን ሰማሁት፤ አላዳመጥኩትም። ትሕትና መሰለኝ። የአስተማሪነት በሽታ አለብኝና መልስ ሳዘጋጅ ነበርኩ። ፍርዴን በሁለት ነጥብ ሰጠሁ። አንደኛ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ለጊዜ ነው፤ ፎቶ ደግሞ አንዲት ሰከንድ ናት። ሁለተኛ፣ በሟች ቁጥር የሚከፈለው ሰው፣ ሟች ባነሰበት ወር ምን ሊመኝ ነው? ይሄ ሁለተኛው እኔኑ ደስ አለኝ።

«ይኸው!» አለ ጢሞቴዎስ። «መማር ማለት እንዲህ ነው።»

ዘርእዝጊ ቀና ብሎ አየኝ። «ሰከንድ ነች አሉ?»

«አዎን፣ ሰከንድ ናት።»

«እሺ» አለ። ኮፍያውን አደረገ። «ተፈርዷል እንግዲህ።» ደረጃውን ሲወርድ የቫኑን ቁልፍ ሲያቅጨለጭል ይሰማኝ ነበር። ኤልሻዳይ ሻይ ቀዳችልኝ፤ ፊቴን ግን አላየችም።

ያ የሆነው በዝናብ ወር ነው። ነገሩ የመጣው በዓመቱ ነው።

አንድ ወጣት ከኢሲዮሎ በሚመጣው መንገድ ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ተገኘ። ወረቀት የለውም፣ ስልክ የለውም። ዘርእዝጊ እንደልማዱ ጠረገው፣ ጠቀለለው፣ አነሣው። ፎቶው በዋትሳፕ ከሰው ሰው ሲዞር ሆሳዕና ከተማ አካባቢ ወይዘሮ ሚልካ ከሚባሉ ሴት ዘንድ ደረሰ። ልጃቸው ሔኖክ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ አራት ወር ሆኖት ነበር። ሴትየዋ ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው «እሱ ነው» አሉ። ጢሞቴዎስ ወረቀቱን አስጨረሰ። ሳጥኑ ታሽጎ ነው የሚሄደው፤ አይከፈትም። ሔኖክ ተብሎ በቤተ ክርስቲያናቸው ግቢ ተቀበረ፤ ፕሮቴስታንት ናቸውና ተዝካር አያወጡም እንጂ፣ የመጽናኛ ጉባኤውም ተደረገ።

ከቀብሩ በሰባተኛው ወር ሔኖክ ከጆሃንስበርግ ደወለ። ታንዛኒያ ላይ ተይዞ ታስሮ ነበር፤ ተፈታና መንገዱን ቀጠለ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» ሲላቸው እናቱ ስልኩን ወርውረው ወደ ደጅ ሮጡ ይባላል። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ እልልታ ሆነ። እልልታው ሲበርድ ሁሉም ዞሮ ወደ መቃብሩ አየ።

ወይዘሮ ሚልካ ደወሉ፤ ከጢሞቴዎስ ጋር አልነበረም ጉዳያቸው። «ፎቶውን ያነሣውን ሰው አገናኙኝ» አሉ። ዘርእዝጊ ይህን የነገረኝ እኔ ቤት፣ ፓርክላንድስ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ነው። ከፍርዱ ወዲህ ቤቴ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር።

«ይራገሙኛል ብዬ ነበር ስልኩን ያነሣሁት» አለ። «መጀመሪያ መረቁኝ። ዘመንህ ይባረክ፣ ልጄ በሕይወት ተገኘ አሉኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ከዚያ፣ ልጄ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ መኮትኮቻ የመታው፤ አንተ ግን ሻሹን እስከ ቅንድቡ አውርደኸዋል አሉኝ። እኔም እናቴ፣ ታዲያ ለምን እሱ ነው አሉ? ብዬ ጠየቅሁ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ መምህር? የተኛ ልጅ ነው ያሳየኸኝ። ልጅ ሲተኛ ሁሉም አንድ ነው።»

ሻዩን አልነካም። ከታች ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ይጮኹ ነበር።

«በመጨረሻ፣ ይሄ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ የተኛው የማን ልጅ ነው አሉኝ። እኔ እየጠበቅሁት ነው፣ ሣሩን እየነቀልኩለት ነው፣ እናቱ ግን በር በሩን እያየች ነው፤ ፈልግልኝ አሉ። በምን ልፈልግ? ያለኝ አንድ ፎቶ ነው። ጆሮው ተሸፍኗል። ግንባሩ ተሸፍኗል። ጥርሱ ተዘግቷል። ያለው አፍንጫና ዓይኑ ነው፤ ዓይኑንም የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሰውየውን ራሴ ደበቅሁት፣ መምህር።»

«ለክብሩ ነው ያደረግኸው» አልኩት።

«ለክብሩ» አለ። «ያን ቅዳሜ ገንዘብ የጠየቅሁ መስሎዎት ነበር?»

«ታዲያ ምን ነበር የጠየቅኸው?»

«ሥራ ይባልልኝ ብዬ ነው። ዋጋ የተቆረጠለት ነገር ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልችልበትም ይባላል። ሌላ ሰው ይፈለጋል፤ የሚያውቅበት፣ ጆሮ አንሣ፣ ጥርስ አንሣ፣ ጠባሳ ፈልግ ተብሎ የተማረ። ጠቅ ማድረግ ከሆነ ግን እንዴት እምቢ እላለሁ? ጠቅ ማድረግ አልችልም የሚል ሰው ይሳቅበታል እኮ።»

አንድ ሽልንግ ብፈርድለት ኖሮ ያን አንድ ሽልንግ ይዞ ከዚያ ክፍል መውጣት ይችል ነበር። በሁለት ነጥብ ዘጋሁበት።

በማግስቱ ሄጄ ጢሞቴዎስን አነጋገርኩት። ፍርዴን ላንሣ፣ ተሳስቻለሁ አልኩት። ራሱን ይዞ፣ «መምህር፣ አሁን ከዚህ ስሕተት በኋላ? ሰው ምን ይላል? በስሕተቱ ተጨመረለት ነው የሚባለው» አለኝ። «ደግሞ ከሱ በቀር ማን እዚያ ገብቶ ያነሣል? እኔ እንደሁ አልችልም።» አልችልም ያለውን ራሱ አልሰማውም። ኤልሻዳይ ግን ሰማች፤ ከወረቀቷ ቀና ብላ አየችኝ።

ስለዚህ ዘርእዝጊ ማንሣቱን ቀጠለ። አሁን ሁለት ጊዜ ሆነ፤ አንድ እንደተገኙ፣ አንድ ተጠርገው። ጆሮ፣ ጥርስ፣ ጣት፣ ጫማ፣ ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ፣ ሁሉን ያነሣ ነበር፤ ይህን ለይቶ ወደ ቢሮው ይልክና ከስልኩ ያጠፋል፤ ፊታቸውን ግን አያጠፋም። ለምን ብዬው፣ «ሰው ቢመጣና ቢጠይቀኝስ?» አለኝ። ያን ሆሳዕና የተቀበረውን ልጅ ፎቶ በየሦስት ወሩ ለሚያውቀው ሁሉ እንደገና ይልከው ነበር። መልስ አልመጣም።

ጠባዩ ይለወጥ ጀመር። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ካለች የታመመች ዘመዴ ቤት ስንመለስ አንድ ቀን ማታቱ ውስጥ አብረን ነበርን። ከፊታችን አንድ ወጣት አንገቱን ወደ መስኮቱ ጥሎ ተኝቷል፤ አፉ ትንሽ ተከፍቷል። የዘርእዝጊ እጅ ቀስ ብሎ ሲነሣ አየሁ። ወደ ልጁ አገጭ ሊደርስ አንድ ጣት ሲቀረው መልሶ በሌላው እጁ ያዘው።

«አየህብኝ?» አለኝ። አንቱታውን ረስቶት ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ልዘጋለት ነበር።» ፈገግ አለ። «ደግነቱ ማታቱ ነው፤ ሌባ ነው የሚሉኝ።»

ከዚያ ወዲህ የተኛ ሰው አጠገብ አይቀመጥም ነበር። የራሱንም ፊት አያነሣም። ትእምቲ ባለፈ ባገደመ ሰው «መልክህን ላክልኝ» ስትለው፣ «መልኬ ምን ይሠራልሻል፣ ድምፄን እየሰማሽ» ይላታል። ኤልሻዳይ በገና በዓል ሁሉም ተሰብስበው ሲነሡ «ጋሽ ዘርእዝጊ፣ ካም ኦን፣ አንድ ሰልፊ» ስትለው ቫኑን ላቁም ብሎ ወጣ። ቫኑ ቆሞ ነበር።

የሞተው ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ቢሮው ፊት ለፊት፣ መሪውን እንደያዘ ነው። ልቡ ነው አሉ። ኤልሻዳይ የፋይል ወረቀት ልትሰጠው ወርዳ መስኮቱን አንኳኳች፤ ደጋግማ አንኳኳች። ጢሞቴዎስ እንደ ልጅ አለቀሰ። መቃብሩን እዚሁ ገዛለት፤ ወደ አገሩ የሚላክበት ወረቀት አልነበረውምና።

ለትእምቲ የደወልኩት እኔ ነኝ። በወጣትነቷ የተማረችውን አማርኛ አልረሳችውም፤ ቀስ እያለች፣ እያንዳንዱን ቃል እየፈለገች ነበር የምትናገረው። መርዶውን ስነግራት አላለቀሰችም።

«ፊቱን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም» አለችኝ።

«እህቴ፣ እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«አንተን አላውቅህም፣ ወንድሜ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። እዚህ ስንቱ ሞተ ተብሎ ለቅሶ ተቀምጠንለት በእግሩ መጥቷል። ሳላይ አልቀመጥም።»

«መጥተሽ ለማየት አይቻልሽም?»

«በየት በኩል?» አለች።

ቀብሩን አንድ ቀን አዘገየነው። ማን ያንሣ ሲባል ጢሞቴዎስ፣ «ያው የሚያነሣው እሱ ነበር» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ። ኤልሻዳይ እስከ አስከሬን ክፍሉ በር ድረስ መጣችና «አይ ካንት» ብላ ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ገባሁ። ዘበኛው አወቀኝ፤ ከሱ ጋር አንድ ሁለቴ አይቶኛል። «ያኛው ሙዜስ?» አለኝ፤ ቀጥሎ ያወጣውን መሳቢያ አየ። «ፖሌ፣ ሙዜ» አለና፣ አይዞህ ሽማግሌው ማለቱ ነው፣ ፊቱን አዞረልኝ።

መጀመሪያ እንደነበረ አነሣሁት። ከዚያ አፉ ትንሽ ተከፍቶ ስላየሁ መሐረቤን አወጣሁ። የሆነውን ሁሉ እያወቅሁ፣ ሚልካን እያወቅሁ፣ አገጩን አሰርኩለት፤ ሁለተኛም አነሣሁ። ለትእምቲ የላክሁት ሁለተኛውን ነው። ለእኅት የሚሆን እሱ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። «ይህ አባታችን ነው» አለች። «አባታችን ከሞተ ቆይቷል። ወንድሜን ላክልኝ።»

መጀመሪያ ያነሣሁትን ላክሁላት። መስመሩን ሳትዘጋ አየችው። «ጥርሱ ነው» አለች። «ከበቅሎ ወድቆ የተሸረፈው ጥርሱ ነው። ተቀምጫለሁ።»

ፎቶ አንዲት ሰከንድ ናት ብዬ በሽማግሌ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተናግሬአለሁ። እሱን ያነሣሁባት ያቺ የኔ ሰከንድ አሥራ አራት ወር ሆናት፤ አላለቀችም። ጢሞቴዎስ አሁን አዲስ ሹፌር ቀጥሯል። ኤልሻዳይ ውሉን ስትጽፍ ከመንዳቱ ለይታ አንድ መስመር ጨመረችበት፤ ፎቶ ለማንሣት ይህን ያህል፣ እምቢ ማለት ይችላል ይላል። አባቷ አንብቦ ፈረመ። ሹፌሩ ሁለት ወር አነሣና እምቢ አለ። አሁን ሌላ ሰው እየተፈለገ ነው። የዘርእዝጊ ስልክ በኤልሻዳይ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ የዚያን ማንነቱ ያልታወቀ ልጅ ፎቶ በየሦስት ወሩ የምትልከው እሷ ናት።

እኔ የማስበው ያን በረንዳ ነው። ሻዩ ቀዝቅዞ፣ ካፖርቱን ቆልፎ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለኝ። «ይሄስ ጭማሪ አይደለም።»

«በል።»

«ስሞት እንዳታነሡኝ። ማንም ቢጠይቅ። ሰው መጥቶ በዓይኑ ይየኝ፤ የሚመጣ ከጠፋም ግድ የለም፣ ሳልታይ ልሂድ።»